እግሩን የማያነሳው ሰው

ልጇ ቅዳሜ ጠዋት በጋሪ ሴራሚክ አስጭኖ በር ላይ ሲቆም፣ እትዬ ባልዲ የጎረቤት ዕቃ መስሏት ነበር።

«የማን ነው ደግሞ ይሄ?»

«ያንቺ ነዋ እማዬ! ለወለሉ ነው» አለ፣ አንዱን ካርቶን ትከሻው ላይ እያወጣ። ፊቱ በርቷል። ልጅ ለእናቱ ነገር ሲያመጣ እንደዚያ ነው፤ ጢሙ መሸበት ቢጀምር እንኳ ፊቱ መልሶ የሕፃን ይሆናል። ከኋላው ሴራሚክ ሠሪው መዶሻውንና ውሃ ልኩን ይዞ ይከተላል።

እሷ ግን ካርቶኑን አላየችም። ወለሉን ነው ያየችው።

ወለሉ ቀይ ሊሾ ነው። ከበሩ ተነስቶ፣ በጠረጴዛው ጎን አልፎ፣ አልጋው ዘንድ ደርሶ፣ ከዚያ ወደ ጓሮው በር የሚታጠፍ መንገድ አለበት። ሌላው ቦታ ቀለሙ እንዳለ ነው፤ መንገዱ ግን ተልጦ ነጥቷል፣ መሃሉም ጎድጎድ ብሏል። ውሃ የፈሰሰ እንደሆነ በዚያው ነው ተከትሎ የሚሄደው። ባሏ ዕድሜ ልኩን እግሩን እየጎተተ የሠራው መንገድ ነው። ሌላው ሰው ሲሞት ፎቶ ይተዋል፤ የሷ ባል ፎቶ ሲያነሱት ዓይኑን ይጨፍን ነበርና የሚረባ ፎቶ እንኳ የለውም። የተወላት ይህንኑ ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ መጀመሪያ እግሯን የምታሳርፈው እዚያ ጎድጓዳው ላይ ነው። ይህን ደግሞ ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ አሮጊቷ ለየላት ይሏታላ!

«አይሆንም» አለች።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ወለሉ አይነካም።»

ሴራሚክ ሠሪው ልጁን አየ። ልጁ እናቱን አየ። እስቲ እነሱ እየተያዩ ይቆዩን፤ ነገሩን ከሥሩ ካልያዝነው ለማን ይገባል?

እትዬ ባልዲ በወጣትነቷ ከባሕሩ ዳርቻ ልብስ አጣቢ ነበረች። የሆቴል አንሶላና ፎጣ በበርሜል እየቀቀለች የምታጥብ፣ ክንዷ የጠነከረ፣ ምላሷ ደግሞ ከክንዷ የባሰ ልጃገረድ። ግቢዋ በቆርቆሮ የታጠረ ነው፤ ጭስና ሳሙና ይሸታል። ከበሩ ፊት ለፊት ጥልቀት የሌለው ውሃ ሜዳውን ሞልቶ ተኝቷል፤ መረብ ጎታቾች እስከ ጉልበታቸው ገብተውበት ይውላሉ። አቤት ያኔ! ጠዋት አንሶላውን ገመድ ላይ ስታሰጣ ነፋሱ ከነአንሶላው ሊወስዳት ይታገላል፤ ጎታቾቹ ከውሃው ውስጥ ሆነው «ያዢው! ያዢው! ሄደልሽ!» እያሉ ይስቁባታል፤ እሷም መልስ የማይገኝለት ስድብ ትመልስላቸዋለች። ዛሬ ግቢው መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች።

እዚያ ውሃ ውስጥ አንድ አሳ አለ። ሰፈሩ «ባለጅራፍ» ይለዋል። እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ነው፤ አሸዋውን ጀርባው ላይ ነስንሶ ይተኛና ዓይኑ ብቻ ይቀራል። ረጅም ቀጭን ጅራት አለው፣ ጅራቱ ላይ ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ መርዛም እሾህ። ክፉ ፍጥረት እንዳይመስላችሁ። ሰው አያሳድድም፣ ሰው አይበላም፣ ከሰው ጉዳይ የለውም። ብቻ ሰው መጥቶ ጀርባው ላይ ሲቆምበት ጅራቱን ወደ ላይ ይሰነዝራል። ማንስ ቢሆን ተኝቶ ሲረገጥ ዝም ይላል? የተወጋው ሰው ግን ጮሆም አይወጣለት። ጎርናና ድምፅ ያላቸው ጢማም ሰዎች «እናቴን!» ሲሉ እትዬ ባልዲ በጆሮዋ ሰምታለች።

አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ መረብ ጎታች በአንድ እግሩ እየዘለለ፣ ደሙን እያንጠባጠበ ግቢዋ ገባ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ መጀመሪያ ባገኘው ባልዲ ውስጥ እግሩን ዘፈቀው። ቀዝቃዛ ውሃ መስሎት ነው። ባልዲው ውስጥ የነበረው ግን ከበርሜሉ የተቀዳ፣ ለእጅ ያህል ብቻ በረድ ያለ ትኩስ ውሃ ነበር፤ ከነአንሶላው።

«ኧረ አቃጠልሽኝ!»

«እኔ ነኝ ያቃጠልኩህ? ራስህ ዘለህ ገብተህ! አንተ፣ የሰው አንሶላ እኮ ነው! ደም በደም አደረግከው!»

እግሩን ሊያወጣ ሲል ቆመ። ፊቱ ላላ። ሕመሙ እየለቀቀው ነው። «ቆይ እስቲ...» አለ ቀስ ብሎ፣ «ትንሽ ሞቅ ያለ ጨምሪበት።» እየተሳደበች ጨመረችለት።

በኋላ የክሊኒኩ ነርስ የተሰበረውን እሾህ ከቁስሉ ነቅላ፣ አጥባ፣ መርፌ ወግታው ስታበቃ «ሙቅ ውሃው ነው ያስታገሰልህ፤ እግር የማያቃጥል እስከሆነ ድረስ ጥሩ ነው» አለችው። ከዚያ ወዲያ የተወጋ ሁሉ መጀመሪያ ወደ አጣቢዋ ግቢ፣ ቀጥሎ ወደ ነርሷ ሆነ። አጣቢዋም እናት አባቷ ያወጡላት ስም ተረሳና ባልዲ ሆና ቀረች። ጎረምሳውስ? እግሩ ድኖም መምጣቱን አልተወም። «አሁን ደግሞ ምን ሆነህ ነው?» ብትለው «እንዳያገረሽብኝ ልዘፍዝፈው ብዬ» አለ። ደረቅ! እንዲህ ሲል ሲል አገባት።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን እግሩን አንስቶ መራመድ ተወ። ሽማግሌዎቹ መረብ ጎታቾች ያስተማሩት ነው። ውሃ ውስጥ እርምጃ የለም፤ አሸዋውን እየጠረጉ እግርን መጎተት ነው። ባለጅራፉ ኮሽታው ሲሰማው ብድግ ብሎ ይሄዳል፤ ሰውም አይወጋ፣ አሳውም አይረገጥ። «ቤቱ እኮ ነው» ይል ነበር ባሏ። «አንኳኩቶ የገባን ማን ይመታል? አውሬ ሰው ላይ የሚነሳው ሳያንኳኩ ሲገቡበት ነው።» እስከዚህ ደህና። ሌሎቹ ግን ከውሃ ሲወጡ እንደ ሰው ይራመዳሉ። እሱ ወይ ፍንክች! መንገድ ላይ ይጎትታል፣ ገበያ ይጎትታል፣ ቤቱ ገብቶ ይጎትታል። ለምን ሲሉት «እግር ሁለት ሕግ አይችልም፤ በደረቁ ያነሳሁ እንደሆነ በውሃው እረሳዋለሁ» ነው መልሱ። ሰፈሩም «ጋሽ መጥረጊያ» አለው። ደጃፏን ሳትጠርግ የረፈደባት ሴት «ምን ቸገረኝ፣ ጋሽ መጥረጊያ በዚህ ያልፋል» ትላለች። ነጠላ ጫማ ቢገዙለት ተረከዙ ወዲያው ያልቃል።

እትዬ ባልዲን ያ ሸርተት ሸርተት የሚል ድምፅ ያበግናት ነበር። ሊሾውን ተንበርክካ በሰም ስትወለውል ውላ፣ ገና ቀና ሳትል እሱ ከነአሸዋው ይጎትትበታል።

«አንተ ሰውዬ፣ እግርህን አንሳ!»

«ሲያስፈልግ አነሳዋለሁ።»

ይኸው ነው። ሲጣሉም ይኸው፣ ሲታረቁም ይኸው። በዚያ ቤት ውስጥ «እንደምን አደርሽ» የዚህን ያህል አልተባለም። ያኔ ደሟን የሚያፈላውን ነገር ዛሬ አንዴ ብቻ ብትሰማው ምን ባልሰጠች!

ልጁ ግን በአባቱ ያፍር ነበር። ልጅ ነዋ! ትምህርት ቤት ልጆቹ ተሰልፈው እግራቸውን እየጎተቱ «መጥረጊያው መጣ፣ አቧራችሁን አምጡ!» ይሉበታል። አብረው መንገድ ሲሄዱ ቀድሞ ይሮጣል፣ የማን ልጅ እንደሆነ እንዳይታወቅበት። ሲራመድም ሆን ብሎ ጉልበቱን እንደ ወታደር ያነሳል። እናቱ ይህን ታያለች፣ አባትየውም ያያል። አባትየው ግን «ውሃ ውስጥ ብቻ አደራ» ይላል።

ልጁ አደራውን በላ። የዚያን ቀን ነገር እንግዲህ ሁለት ዓይነት ነው፤ ልጁ የሚያውቀው አለ፣ እናትየው የምታውቀው አለ። የልጁን እናስቀድም።

ልጁ የሚያውቀው ይህን ነው። ከጓደኞቹ ጋር ውሃው ውስጥ ነበር። «የመጥረጊያ ልጅ፣ እስቲ ጥረግልን!» አሉት። እልህ ያዘውና ጉልበቱን እስከ ሆዱ እያነሳ እየረገጠ ሄደ። ከዚያ አንድ ለስላሳ ነገር ከእግሩ ሥር ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ የመጣውን ሕመም ዛሬም ሲያስበው ያንገሸግሸዋል። አንድ ሰው አፈፍ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣለው፤ በሆዱ ተደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እየጮኸ፣ ከሥሩ ሰውየው ሲሮጥ ብቻ ይሰማዋል። ዓይኑን ሲገልጥ እናቱ ግቢ ነው። እግሩ ባልዲ ውስጥ፣ ራሱ ደግሞ በጎረቤታቸው በጀልባ ጠጋኙ ክንድ ላይ። ያኔ የግቢው በር ተከፈተና ነርሷ ገባች፤ ከኋላዋ አባቱ። ሸርተት፣ ሸርተት። እግሩን እየጎተተ።

ልጁ እግሩ ዳነ። ሁለተኛም ውሃ ውስጥ እግሩን አላነሳም። ከአባቱ ግን ልቡ ተነሳ። እኔ ልሞት ስል እንኳ እግሩን አላነሳልኝም ብሎ ያዘበት። አድጎ ሌላ ከተማ ሄደ፣ የሕንፃ ሥራ ፎርማን ሆነ። እቤት ሲመጣ ለአባቱ «ሰላም ነህ?» ነው፣ በቃ። ለጀልባ ጠጋኙ ግን ሁሌም ሹራብ ይዞለት ይመጣል፤ ነፍሴን ያዳነ እሱ ነው እያለ። የሚያናድደው ደግሞ፣ በሚቀጥለው ሲመጣ ሹራቡን የሚያየው አባቱ ላይ ነው። «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው፣ የሰጡትን ሁሉ ያድላል እንዴ?» ይላል። እናትየው አንገቷን ትደፋለች። ሆድ ይፍጀው።

መጀመሪያ ጀልባ ጠጋኙ ሞተ። አምና ደግሞ ጋሽ መጥረጊያ። ባሕሩ ያልደፈረውን ሰው ሳንባ ምች በአልጋው ላይ ወሰደው። ልጁ መጣ፣ ቀበረ፣ ለቀስተኛ አስተናገደ፣ አላለቀሰም። እናትየው የባሏ ሞት አንድ፣ የልጇ ደረቅ ዓይን ሁለት ሆኖ አንጀቷን በላው።

አሁን ወደ ሴራሚኩ እንመለስ።

«እማዬ፣ ተይ እንጂ» አለ ልጁ። «ወለሉ እኮ ጎድጉዷል። ያደናቅፍሻል። ባለፈው ወድቀሽ የለ?»

«የወደቅኩት ሳሙና ረግጬ ነው።»

«እሺ፣ ሰው ሲመጣስ? አያሳፍርም?»

«ማንን ነው የሚያሳፍረው? ያባትህ እግር ነው!»

ነገር ነገርን ያነሳዋል። ልጁ ካርቶኑን መሬት ላይ ዱብ አደረገው።

«ያ እግር!» አለ። «ያ እግር ነው እንዲቀመጥልሽ የምትፈልጊው? ባለጅራፍ ወግቶኝ ስጮህ ያልተነሳ እግር? ባዳ ተሸክሞኝ ሲሮጥ እሱ እየተጎተተ መጣ እኮ! አይቼዋለሁ፣ እማዬ። በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ሴራሚክ ሠሪው «ጋሪው ላይ የቀረ ካርቶን ካለ ልይ» ብሎ ወጣ። ምንም የቀረ አልነበረም፤ ግን ብልህ ሰው ነው።

ካልደፈረሰ አይጠራም ይባላል። እትዬ ባልዲ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዛሬ ካልተናገረች መንገዱ ከወለሉ ይጠፋል፤ ከወለሉ መጥፋቱስ ይሁን፣ ልጇ አባቱን ሳያውቅ ሊቀር ነው።

«ማን ነው የተሸከመህ?» አለችው።

«ጀልባ ጠጋኙ ነዋ።»

«ጀልባ ጠጋኙ ያን ቀን ከግቢያችን ንቅንቅ አላለም። የበርሜሌን ቀዳዳ እየደፈነልኝ ነበር።»

ልጁ ወደ እናቱ ጠጋ አለ።

«እኔ በር ላይ አንሶላ አሰጣ ነበር። ጩኸትህን ሰማሁ። አባትህ ከመረቡ ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ሩቅ። መረቡን ለቀቀው፤ የቀን ሙሉ አሳ ተበተነ። ከዚያ ሮጠ። እግሩን አንስቶ ሮጠ፣ ልጄ! ጉልበቱ ውሃውን እየበረገደው። ያን ሰሞን ውሃው ባለጅራፍ በባለጅራፍ ነበር፤ ጎታቾቹ ሁሉ ‹ጎትት! አንተ ሰው ጎትት!› እያሉ ይጮሁበታል። እሱ የት ሰምቶ! በውሃም በየብስም እግሩን ሲያነሳ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ውሸቴን ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ትከሻው ላይ ጥሎህ መጣ፣ ባልዲው ዘንድ አስቀመጠህ፣ ጀልባ ጠጋኙን ‹ያዝልኝ› አለው፣ መልሶ ወደ ነርሷ በረረ።»

«ታዲያ... ሲገባ ለምን ይጎትታል? ሲጎትት አይቼዋለሁ እኮ።»

«ዓይንህን ገልጠህ ነዋ! እስከ በሩ ድረስ እየሮጠ ነው የመጣው። በሩን ከፍቶ ዓይንህ ተከፍቶ ሲያይ ጊዜ፣ እግሩን መልሶ መሬት ላይ አደረገው። ‹ለምን?› ብለው ምን አለኝ መሰለህ? ‹አባቴ ሲጨንቀው እግሩን አንስቶ ሮጠ ብሎ ከተማረ፣ ነገ እሱም ይሮጥበታል። እንዳትነግሪው፤ ጎታቾቹንም ጓደኞቹንም አደራ ብያለሁ። እኔን ይቀየመኝ፤ ቂም አይገድልም፣ የሚገድለው እሾሁ ነው።›»

ልጁ ግድግዳውን ያዘ።

«ካደግኩስ በኋላ? ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ልንገረው ስለው ‹ተይው፣ ሹራቡ ይበቃኛል› ይለኛል።»

«የቱ ሹራብ?»

«ለጀልባ ጠጋኙ የምታመጣለት ነዋ! አንተ ገና መኪና ሳትሳፈር ይዞት ይመጣል። ‹እንካ፣ የልጅህ ነው፤ የሰው ውለታ አልለብስም› ይለዋል። አባትህም ያቺን ሹራብ በሐሩር እንኳ አያወልቃትም። ላብ እያጠመቀው ‹ልጄ ነው ያመጣልኝ› እያለ ለሰፈሩ ያሳያል።»

ያን ጊዜ ልጁ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። መዳፉን ጎድጓዳው ላይ አሳረፈ፣ ወዲህ ወዲያ አመላለሰው። ከዚያ አለቀሰ፤ ቀብር ላይ ያላለቀሰውን ጨምሮ፣ ትልቅ ሰውዬ በእናቱ ፊት ድምፁን አውጥቶ። እትዬ ባልዲ አላባበለችውም። ያልቅስ፣ ቆይቶበታል ብላ ተወችው፤ እሷም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ሲበቃው ሴራሚክ ሠሪው ጉሮሮውን ጠራርጎ ብቅ አለ። «እማማ፣ ታዲያ ከየት ልጀምርልዎት?»

ልጁ ነው የመለሰለት። «ከኩሽናው ጀምር።»

«እዚህስ?»

«እዚህ አይነካም።»

እትዬ ባልዲ ለሠራተኛው ቦታ ልትለቅ ኩሽና ገብታ ድስትና ባልዲዎቿን ታነሳሳ ጀመር። ከሰዓት ሆኗል፤ በጓሮው በር የሚገባው ፀሐይ ግድግዳው ላይ አርፏል። ከወዲያኛው ክፍል ድምፅ ሰማች። ሸርተት፣ ሸርተት። ከበሩ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ አልጋው። የባሏን ነጠላ ጫማ አልጋው ሥር እንዳለ ትታው ነበር። ድምፁ ራሱ ነው፣ ተረከዙ ያለቀው ጫማ። አውቃለች ማን እንደሆነ፤ ቢሆንም አፏ የለመደውን ከመናገር አልተመለሰም።

«አንተ ሰውዬ፣ እግርህን አንሳ!»

ኮሽታው ቆመ። እትዬ ባልዲ ድስቱን እንደያዘች ጠበቀች። ከዚያ የልጇ ድምፅ በአባቱ አነጋገር መጣ።

«ሲያስፈልግ አነሳዋለሁ።»